የአሮጌ ዲኤክስ ራዲያተር፦ ውሃው የት ነው የሚሄደው?

መኪናዋ ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ናት፤ ኬኢ 70 የሚባለው ቅርጽ፣ 4ኬ ሞተር፣ 1290 ሲሲ፣ ባለ ካርቡሬተር። ብሎኩ ጊዛ (በቅርጽ የፈሰሰ ብረት)፣ ቴስታታው፣ ማለትም ከብሎኩ ላይ የሚገጠመው የሞተሩ ራስ፣ አሉሚኒየም ነው። ራዲያተሩ የድሮው ዓይነት ነው፤ መሐሉ መዳብና ነሐስ፣ የላይኛውና የታችኛው ታንክ ነሐስ ሆነው በስታኞ፣ ማለትም በቆርቆሮና እርሳስ ቅይጥ፣ የተበየዱ። እንደ ዛሬዎቹ የፕላስቲክ ታንክ ያላቸው ራዲያተሮች ተሰንጥቆ የሚጣል አይደለም። ተከፍቶ፣ ተጠርጎ፣ ተበይዶ ይመለሳል።

ቅሬታው፦ በየሁለት ቀኑ ግማሽ ሃይላንድ ውሃ ይጨመርባታል። ጠዋት ከሥሯ ጠብታ አይታይም። ከተማ ውስጥ የሙቀት ጌጁ መሐል ላይ ይቆማል፤ ረጅም ዳገት ላይ ግን ወደ ቀዩ ይጠጋል።

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት፦ ሞተሩ ሳይነሳ

ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ ቀዝቅዟል። ክዳን የሚከፈተው በዚህ ሰዓት ብቻ ነው። በሞቀ ራዲያተር ውስጥ ያለውን ውሃ እንዳይፈላ የያዘው ግፊቱ ነው፤ ክዳኑ ሲላላ ግፊቱ ይወርድና ውሃው ባንዴ እንፋሎት ሆኖ ፊት ላይ ይወጣል።

ውሃ የሚጠፋው ወይ ወደ ውጭ፣ ወይ በክዳኑ በኩል፣ ወይ ወደ ሞተሩ ውስጥ ነው። ኪስ የሚያራግፈው የመጨረሻው ስለሆነ ቅድሚያ ተሰጠው። የዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ያለው ጥቁር ዘይት ነው፣ ሌላ ነገር የለበትም። በዘይት መሙያው ክዳን ሥር ማኪያቶ የመሰለ ስስ አረፋ አለ። ይህ ብቻውን አያስደነግጥም፤ አጭር አጭር መንገድ የምትሄድ መኪና በክረምት ከራሷ እርጥበት ይህን ታጠራቅማለች። ማኪያቶው ዘንጉ ላይ ቢታይ ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር።

ቀጥሎ የአረፋ ሙከራ። የፋኑ ቺንጊያ (ቀበቶ) ወለቀ፤ የውሃ ፓምፑ ዞሮ ውሃውን እንዳያናውጥ። ራዲያተሩ እስከ አንገቱ ተሞላ፣ ክዳኑ ሳይደረግ ሞተሩ ለ40 ሴኮንድ ያህል ተነሳ። የቴስታታው ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በብሎኩና በቴስታታው መሐል ያለው ማሸጊያ፣ ተቃጥሎ ቢሆን ከሲሊንደር የሚያመልጠው ጋዝ በአንገቱ በኩል ሳያቋርጥ ይንተከተክ ነበር። ሁለት ሦስት ትንንሽ አረፋ ወጥቶ ጸጥ አለ። ጓርኒሲዮኑ ደህና ነው። ፓምፑ ሳይዞር ሞተሩን ከአንድ ደቂቃ በላይ አታቆዩት።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት፦ ክዳኑ

የመጀመሪያው ስህተት እዚህ ተገኘ። ክዳኑ ላይ የተቀረጸው የግፊት ቁጥር 1.1 ነው። ለዚህ ራዲያተር የሚገባው 0.9 ነው፤ በጎሚስታ ጌጅ 13 ፒ.ኤስ.አይ ገደማ። አንድ ሰው ከአዲስ ሞዴል የወጣ ክዳን «ይጠብቃል» ብሎ ገጥሞበታል። በአርባ ዓመት ስታኞ ላይ ያ ትርፍ ግፊት ለስፌቱ ሸክም ነው። በዚያ ላይ የታችኛው ጎማ ጠርዙ ተበልቷል፤ መሐሉ ያለችው ትንሽ የመመለሻ ቫልቭም በዝገት ተጣብቃለች። እሷ ካልከፈተች ሞተሩ ሲቀዝቅዝ ውሃው ከመጠባበቂያው ጠርሙስ አይመለስም፤ የላይኛው ቱቦ ደግሞ እንደተጠባ ጭማቂ ካርቶን ይጨማደዳል።

አዲስ አበባ ላይ ክዳን ከሌላው ቦታ ይበልጥ ዋጋ አለው። ከባሕር ወለል 2300 ሜትር ከፍ ብለን ስንኖር ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። በዚህች መኪና ያለው ቴርሞስታት፣ ማለትም ሞተሩ ሲሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው በር፣ በ82 መክፈት ጀምሮ ሙሉ በሙሉ የሚከፍተው በ95 ነው። ስለዚህ ግፊት የማይዝ ክዳን ያላት መኪና እዚህ ከተማ ቴርሞስታቱ ሳይጨርስ ውሃዋ ሊፈላ ይችላል። ደህና የ0.9 ክዳን ያንን 92 ወደ 114 ዲግሪ ያደርሰዋል። ጅቡቲ ወደብ ላይ ያው ክዳን 118 ይሰጣል።

አዲስ ክዳን ሲገዛ ቁጥሩን ብቻ ማየት አይበቃም። የአንገቱ ጥልቀት ይለያያል፤ አጭር ክዳን ጥልቅ አንገት ላይ በደንብ የተቆለፈ ይመስላል እንጂ የታችኛው ጎማ ወለሉን አይነካም። አሮጌውን ይዞ ሄዶ ጎን ለጎን መለካት ነው። ሶማሌ ተራ የተገኘው ያገለገለ ክዳን ጎማው ደርቆ ስለነበር ተትቶ አዲስ ተገዛ።

ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል፦ የግፊት ሙከራ

የራዲያተር መሞከሪያ ፓምፕ ያለው በዚያ ይጠቀም። ለሌለው፦ የአሮጌው ክዳን የታችኛው ጎማና ስፕሪንግ ተፈቶ ይወጣል፣ የላይኛው ሰፊ ጎማ ብቻ ይቀራል። እንዲህ ሲገጠም የአንገቱን ጠርዝ ይዘጋል፤ ወደ መጠባበቂያው ጠርሙስ የምትሄደው ቀጭን አፍ ደግሞ ወደ ራዲያተሩ ሆድ ክፍት ትሆናለች። በዚያች አፍ ላይ አጭር ጎማ ተሰክቶ ሌላው ጫፉ ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ቫልቭ ይታሰርበታል። የሚነፋው በእግር ፓምፕ ወይም በብስክሌት ፓምፕ ነው። የጎሚስታ ኮምፕሬሰር በቀጥታ አይገባበትም፤ አንድ ጊዜ ያዝ ቢደረግ የራዲያተሩን ታንክ እንደ ፊኛ ይነፋዋል። ስፕሪንጉ ስለወጣ ትርፉን የሚያስተነፍስ ነገር የለም፤ ዓይን ከጌጁ አይነሳ። 13 ላይ ማቆም።

ውጤት፦ ከ13 ወደ 6 በአሥር ደቂቃ።

የላይኛው ቱቦ ከራዲያተሩ አንገት ጋር በሚገናኝበት ቦታ ውሃ ይንቆረቆራል። ፋሼታው፣ ማለትም የቱቦው ማሰሪያ፣ የተጠበቀው በአንገቱ እብጠት ላይ ነው እንጂ ከእብጠቱ ወዲህ አይደለም። ተፈቶ ወደ ቦታው ተመለሰ፣ በካቻቢቴ ጠበቀ። እንደገና ተነፋ፦ ከ13 ወደ 9። ቀንሷል፣ አልቆመም።

አሁን በእጅ ባትሪና በትንሽ መስታወት። በላይኛው ታንክ የግራ ጥግ፣ ታንኩ ቱቦዎቹ ከሚሰኩበት ወንፊት መሳይ ሳህን ጋር በተበየደበት ስፌት ላይ፣ የጤፍ ፍሬ የሚያህል ጠብታ ወጣ። አደገ፣ ተንከባለለ፣ በስስ ቅጠሎቹ መሐል ገብቶ ጠፋ። ከሥሩ አረንጓዴ ነጭ ጠመኔ የመሰለ መስመር ወርዷል። ጠዋት መሬት ላይ ጠብታ ያልታየው ለዚህ ነው፤ ስፌቱ የሚያፈሰው ግፊት ሲኖር ብቻ ነው፣ ግፊት የሚኖረው ሲሞቅ ነው፣ በሞቀ ነሐስ ላይ የወጣ ጠብታ ደግሞ መሬት ሳይደርስ ይተናል። የሚቀረው የጨው ዱካ ነው። ውሃ ሳይሆን ዱካ ፈልጉ።

እሁድ፦ ማውረድ

የታችኛው ማፍሰሻ ቧንቧ ደርቋል። በፒንሳ ማስገደድ አያስፈልግም፤ መቀመጫው ራሱ በስታኞ የተያዘ ስለሆነ ተገንጥሎ ሁለተኛ ሥራ ይሆናል። የታችኛው ቱቦ ተፈትቶ በሳፋ ተቀዳ፦ 3.9 ሊትር፣ ሻይ የመሰለ ቡናማ ውሃ። ሲስተሙ ወደ 5 ሊትር ይይዛል፤ የቀረው ብሎኩ ውስጥና የጎደለው ነው። ውሃው ውስጥ ፀረ ዝገት ፈሳሽ ከነበረ ሳፋውን ክፍት አትተዉ፤ ጣፋጭ ነው፣ ውሻም ሕፃንም ይጠጣዋል፣ ይገድላል።

ቱቦዎቹ አልወጣ ሲሉ በምላጭ በቁመታቸው ተቀደዱ። ማጠማዘዝ አንገቱን ከታንኩ ያላቅቃል፤ የቱቦ ዋጋ ከአንገት ብየዳ ይረክሳል። አራት የ10 ቁልፍ ቡሎኖች፣ ከዚያ ፋኑን ሳይነካ ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ። ሲወጣ የስፌቱ መከፈት ምክንያት ታየ። የግራው የላይኛው ማሰሪያ ጎማው የለም፤ ቡሎኑ ብረት በብረት ጠብቋል። ሞተሩ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ቻሲሱ ያንን ጥግ ሲያጣምመው ኖሯል።

ከውጭ ያለው አፈርና ነፍሳት ከሞተሩ ወገን ወደ ፊት ለፊት በሚሄድ ዝግ ያለ የቧንቧ ውሃ ታጠበ። የመኪና ማጠቢያ ማሽን ቅጠሎቹን ያስተኛቸዋል።

ሰኞ፦ ራዲያተር ሠሪው ዘንድ

ይህ ሥራ ገንዳ፣ ሰፊ ነበልባልና የለመደ እጅ ይፈልጋል። ግን ምን መደረግ እንዳለበት አውቆ መሄድ ይበጃል።

አንገቶቹ በጎማ ተደፍነው፣ በአንዱ አየር ገብቶ፣ ገንዳ ውስጥ ተነከረ። ከምናውቀው ስፌት ሌላ ሁለተኛ የአረፋ መስመር መሐል ላይ ወጣ፦ አንድ ቀጭን ቱቦ፣ ፋኑ ሳይነካው አልቀረም። በሚስማር ተጭሮ ምልክት ተደረገ፤ ጠመኔ በእርጥብ ላይ አይይዝም።

ስፌቱ መከፈቱ ካልቀረ የላይኛው ታንክ ሙሉ በሙሉ ተነሳ። ውስጡ ቡናማ ጭቃ፣ ነጭ የኖራ ቅርፊትና እንደ ቆዳ የተለጠፈ የማፍሰሻ መድፈኛ ዱቄት አለ። ወደ ሲሶ የሚጠጉት ቱቦዎች ጠበዋል። ዳገት ላይ ጌጁ የሚወጣው በዚህ ነው፤ የመፍሰሱ ጉዳይና የመሞቁ ጉዳይ ለየብቻ ነበሩ። መድፈኛ ዱቄትም ሆነ የእንቁላል ነጭ ቀዳዳን ከጤነኛ ቱቦ አይለይም። መንገድ ላይ ለቀረ ሰው ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቆ፣ ደረቅ ሳሙና ከውጭ አሽቶ፣ ክዳኑን አንድ ጥርስ አላልቶ፣ ቀስ ብሎ ቤት መግባት ይሻላል።

እያንዳንዱ ቱቦ በጠፍጣፋ የነሐስ ዘንግ ከላይ እስከ ታች ተጠረገ። ከዚያ አንድ እጅ አቼቶ በአራት እጅ ሙቅ ውሃ ተሞልቶ ለአራት ሰዓት ቆየ፤ ኖራው እየፈላ ወጣ። የባትሪ አሲድና የልብስ ሶዳ አይሞከሩም፤ ስታኞውን ራሱን ይበላሉ።

ብየዳው ላይ ትንሽ ልቆይ። ስታኞ በቆሻሻ ላይ አይይዝም፤ ስፌቱ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ተፋቀ። ማጽጃ አሲዱ ሠሪዎቹ ራሳቸው የሚያዘጋጁት ነው፦ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ከባትሪ ድንጋይ የተላጠ ዚንክ እየተጨመረ መፍላቱን እስኪያቆም ይሟሟል። ሲፈላ የሚወጣው ጋዝ በእሳት ይያያዛል፤ ደጅ ነው የሚሠራው። ስታኞው 40 በመቶ ቆርቆሮ፣ 60 በመቶ እርሳስ። ይህ ቅይጥ በ183 ዲግሪ መለስለስ ጀምሮ በ238 ነው ፈሳሽ የሚሆነው፤ በመሐል እንደ ገንፎ ስለሚቆይ ሰፊ ክፍተት ይሞላል። የሬዲዮ ጠጋኞቹ ቀጭን ሽቦ ቆርቆሮው ስለሚበዛ ቶሎ ውሃ ይሆንና ከስፌቱ ይሮጣል።

እሳቱ የጋዝ ሆኖ ሰፊና ለስላሳ መሆን አለበት። የሚሞቀው ነሐሱ ነው፣ ስታኞው በነሐሱ ሙቀት ነው መቅለጥ ያለበት። የመጀመሪያው ዙር አልተሳካም፤ ጥጉ ሲበየድ በአጠገቡ ያለው የመሙያው አንገት ስፌት ላላ፣ ምክንያቱም እንዲያቀዘቅዝ የተጣለበት እርጥብ ጨርቅ ደርቆ ነበር። ጨርቁ በየደቂቃው እየተነከረ ሁለተኛ ተሠራ። ጥሩ ስፌት ሲቀዘቅዝ ጠርዙ ወደ ነሐሱ ቀጥኖ ይገባል፤ እንደ ዶቃ ክብ ሆኖ የቆመ ስታኞ የተቀመጠ ነው እንጂ የያዘ አይደለም።

የተቀደደችው ቀጭን ቱቦ ከላይና ከታች ጫፏ ተደፈነ። ከአሥር ቱቦ አንድ እስኪደፈን ድረስ ራዲያተሩ ሥራውን ይሠራል፤ ከዚያ ካለፈ መሐሉን ማስቀየር ነው። በመጨረሻ አሲዱ በሁለት ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳና በአንድ ሊትር ውሃ ታጠበ። ይህን የሚዘሉ ብዙ ናቸው፤ ከወር በኋላ አረንጓዴ ሆኖ የሚመለሰው ያልታጠበው ነው። ገንዳ ውስጥ በ13፣ ለአሥር ደቂቃ፣ አንድም አረፋ የለም። ጥቁር ቀለም ስስ ተረጨ፤ ወፍራም ቀለም ብርድ ልብስ ነው።

ማክሰኞ፦ መግጠም

ቴርሞስታቱ በድስት ውስጥ ተንጠልጥሎ ከቴርሞሜትር ጋር ተፈላ፤ ወለሉን እንዳይነካ። በ82 ከንፈሩን ከፈተ። ፋብሪካው በ95 ዲግሪ 8 ሚሊ ሜትር ይከፍታል የሚለውን ግን አዲስ አበባ ላይ በክፍት ድስት ማየት አይቻልም፤ ውሃው 92 ላይ ፈልቶ ይቆማል። ግማሽ መንገድ ስለከፈተ ብቻ «ሞቷል» ተብለው የተጣሉ ብዙ ጤነኛ ቴርሞስታቶች አሉ። አውጥቶ ያለሱ መንዳትም መፍትሔ አይደለም፤ ሞተሩ በብርድ ጠዋት ሳይሞቅ ይውላል፣ ቤንዚን ይበላል፣ ዘይቱ ይጨቀያል። ሲገጠም ትንሿ የምትንቀጠቀጥ ፒን ወደ ላይ፤ አየር የሚያመልጠው በእሷ ነው።

ሁለቱ ትልልቅ ቱቦዎች አዲስ ናቸው፣ ፋሼታዎቹም። ቱቦው በአንገቱ ላይ 25 ሚሊ ሜትር ያህል ገባ። ለጎደለው የማሰሪያ ጎማ ከአሮጌ የጭነት መኪና ጎማ ሁለት ክብ ተቆርጦ ተገባ።

ፈሳሹ፦ 2 ሊትር ያልተበረዘ ፀረ ዝገት፣ ለመዳብና ነሐስ ይሆናል የሚለው አረንጓዴው፣ በ3 ሊትር የተጣራ ውሃ። ለበረዶ አይደለም፤ ለዝገቱና የመፍያውን ነጥብ ትንሽ ከፍ ለማድረግ ነው። ውሃውን ከባትሪ ቤት የምትገዙ ጠርሙሱን አይታችሁ ግዙ፣ አሲዱም እዚያው መደርደሪያ ላይ ነው። የቧንቧ ውሃ የትናንቱን ኖራ መልሶ ያመጣል።

አየር ማስወጣት፦ የፊት ጎማዎቹ በድንጋይ ጥርብ ላይ ወጡ፣ የማሞቂያው ማንሻ ሙቅ ላይ፣ ቀስ ተብሎ ተሞላ፣ የላይኛው ቱቦ በእጅ እየተጨመቀ። ክዳኑ ሳይደረግ ሞተሩ ተነሳ። የላይኛው ቱቦ ባንዴ ሲግል ቴርሞስታቱ ከፍቷል ማለት ነው፤ ውሃው ወረደ፣ ተሞላ፣ ተዘጋ።

ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት፦ ገና አላለቀም

ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ የግፊት ሙከራ። ከ13 ወደ 11 በሩብ ሰዓት።

እዚህ ላይ ነው ራዲያተር ሠሪው የሚሰደበው፤ ያለ ጥፋቱ። ስፌቱ ደረቅ ነው። ጠብታው ያለው ከውሃ ፓምፑ ሆድ ሥር ካለችው ትንሽ ቀዳዳ ነው። ከዚህ በፊት ስፌቱና ክዳኑ ያስተነፍሱ ስለነበር በፓምፑ ማኅተም፣ ማለትም ውሃው በዘንጉ በኩል እንዳይወጣ በሚይዘው ማሸጊያ፣ ላይ ሙሉ ግፊት አልቆየበትም ነበር። ደካማው ቦታ ሲጠገን ቀጣዩ ደካማ ተራው ይደርሰዋል። ቅዳሜ እዚያ ቀዳዳ አጠገብ የዝገት ዱካ ታይቶ «የድሮ ነው» ተብሎ ታልፎ ነበር። ስህተቱ ያ ነው፤ ራዲያተሩ ወርዶ ሳለ ፓምፑ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበር።

ቀዳዳዋ የተሠራችው ማኅተሙን ያለፈ ውሃ ኩሽኔታው (የፓምፑ ዘንግ የሚዞርበት) ውስጥ ሳይገባ ወደ ውጭ እንዲወርድ ነው። በሲሊኮን የሚደፍኗት አሉ፤ ውሃው ወደ ኩሽኔታው ይዞራል፣ ኩሽኔታው ይላላል፣ ፋኑ ተወዛውዞ ይህንኑ አዲስ የተበየደ ራዲያተር ያርሰዋል።

ረቡዕ፦ ፓምፑ

ፋኑ በእጅ ሲነቀነቅ ጫፉ 3 ሚሊ ሜትር ይጫወታል፤ ምንም መጫወት አልነበረበትም። ፈሳሹ በንጹሕ ሳፋ ተቀዳ፣ በነጠላ ጨርቅ ተጣርቶ ይመለሳል። የፓምፑ ቡሎኖች ርዝመታቸው አንድ አይደለም፤ ካርቶን ላይ የፓምፑ ቅርጽ ተስሎ እያንዳንዱ ቡሎን በቦታው ተሰካ። አሮጌው ጓርኒሲዮን በምላጭ ተፋቀ፤ የመቀመጫው ፊት ላይ ጭረት የተወ ካቻቢቴ አዲስ መፍሰሻ ነው። አዲሱ የወረቀት ጓርኒሲዮን በሁለቱም ገጽ ስስ ማሸጊያ ተቀብቶ፣ ቡሎኖቹ በሰያፍ በሁለት ዙር ጠበቁ። ቺንጊያው በአውራ ጣት ጠንከር ተብሎ ሲጫን 10 ሚሊ ሜትር ያህል ይረግባል። ከዚያ በላይ ማጥበቅ አዲሱን ኩሽኔታ ያደክማል።

የግፊት ሙከራ፦ 13፣ ከሃያ ደቂቃ በኋላም 13።

ከሐሙስ እስከ እሁድ

ሐሙስ እንጦጦ ዳገት ተወጣ፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ሳይቆም። ጌጁ ከመሐል ትንሽ ከፍ ብሎ ቆመ፣ ወርዶም ተመለሰ። በመጠባበቂያው ጠርሙስ ላይ የፕላስተር ምልክት ተደርጎ በየጠዋቱ ተነበበ። ዓርብ፦ 1 ሴንቲ ሜትር ወርዷል፤ የቀረው አየር ስለወጣ ነው፣ ተሞላ። ቅዳሜ፦ ምልክቱ ላይ። እሁድ፦ ምልክቱ ላይ።

የቀረ ሥራ፦ ወደ ማሞቂያው የምትሄደው ቀጭን ጎማ ስትጨመቅ እንደ ደረቅ እንጀራ ትንኮሻኮሻለች። አታፈስም። 13 ግፊት ግን አሁን እሷም ጋ ይደርሳል፤ አንድ ሜትር ጎማና ሁለት ፋሼታ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ተገዝቷል።